አባቴና ቱምባክ

ልጅ እያለሁ ከሁሉ አብልጬ የምጠየፈው የአባቴን የታችኛ ከንፈር ነበር። ይቅር ይበለኝ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከጎንደር ወርዶ ሱዳን ውስጥ መፋዛ ሰሊጥ ሲያርም ከሱዳኖቹ ቱምባክ ለመደ። እርጥቡን ትንባሆ ከላስቲክ ቆንጠር ያደርግና በጣቶቹ አድቦልቡሎ ከንፈሩ ስር ይወትፈዋል፤ «ሰፋ» ይሏታል። ከዚያ ሥራው መትፋት ነው። ያለቀለትን ደግሞ ከአፉ አውጥቶ የጎጆው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። እየፋቅሁ የማነሣው እኔ ነበርኩ። ሽታው እንደ ፍየል ጉረኖ ነው፣ በሳሙና ብታጠብም ከእጄ አይለቅም። ጉርሻዬን ወደ አፌ ሳቀርብ ያቅለሸልሸኝ ነበር።

እናቴ መቁረብ ትመኝ ነበር። ባልና ሚስት አብረው ካልሆነ ደግሞ አይሆንም። ገዳሪፍ ያሉት የንስሐ አባታችን ቱምባክ በሚወተፍበት አፍ ሥጋ ወደሙ አይገባም ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። አባቴ ፍልሰታን ሙሉ ታቅቦ ከከረመ ግን ጾሙ ሲፈታ እንደሚያቆርቧቸው ቃል ገቡ። አባቴ ጾሙ ሲገባ ላስቲኩን ሽንት ቤት ወረወረው። እኔም ግልግል ብዬ ግድግዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ፋቅሁ።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አብሮት የሚያርም ማሩ የሚባል ጓደኛው አንድ ምሽት መጣ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንዷን አድቦለቦለና ዘረጋለት።

«ኸላስ፣ በቃ! አንዲት ሰፋ ምን ታመጣብኛለች ብለህ ነው? ቄሱ ያሉት ገዳሪፍ፣ አንተ ያለኸው መፋዛ!»

አባቴ እጆቹን ጭኑ ስር ደበቀ። ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ማሩ፣ በማርያም፣ ይዘህልኝ ውጣ» አለው። ማሩ እየሳቀ ወጣ።

እናቴ የማሽላ ገንፎ በደረቅ ባሚያ ወጥ አቀረበች። አባቴ በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ቆረሰ፣ አድቦለቦለ፣ አሁንም አድቦለቦለ። ከዚያ ገንፎውን ከታችኛው ከንፈሩ ስር ወተፈው። አላወቀውም። ታናሽ እህቴ «አባ ገንፎውን ሰፋ አደረገው!» ብላ ተንከተከተች። እናቴ አልሳቀችም። አባቴ በጣቱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አየው፤ ያን ቀን ራሱን ሲጠየፍ አየሁት። «እኔ ትቼዋለሁ፣ እጄ ግን አልተወም» አለና ወጥቶ አፉን ተጉመጠመጠ።

ከማግስቱ ጀምሮ ገንፎ በማንኪያ መብላት ያዘ። ሰፈርተኛው እንደ ፈረንጅ በላ ብሎ «ኸዋጃው» እያለ ተሳለቀበት፣ እሱ ግን ማንኪያውን አልጣለም። ጾሙ ሲፈታ ገዳሪፍ ወርደን ሁለቱም ቆረቡ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ፣ ከዚያ በፊት የምሸሸውን አባቴን ሮጬ አቀፍኩት።

ዛሬ በምንኖርባት ገዳሪፍ ቱምባክ የማይሸጥበት መንገድ የለም። የትናንት ሕፃናት የነበሩ ልጆቻችን ሳይቀሩ ከንፈራቸውን አሳብጠው ይሄዳሉ። አሁንም ያቅለሸልሸኛል፣ አፍንጫዬን ይዤ አልፋለሁ። አባቴ ግን ሸምግሎም በሱቆቹ በኩል አያልፍም፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በጭቃው ዞሮ ነው ቤት የሚገባው። ልጅ ሆኜ እንደ እኔ ተጠይፎት የተወው ይመስለኝ ነበር። ባለፈው እሁድ ጫማዬን ጭቃው ሲይዝብኝ ተበሳጨሁ።

«አባ፣ ይኸን የሚገማ ነገር ዳግመኛ ማን ይነካዋል ብለህ ነው በጭቃ የምታንከራትተኝ?»

«የሚገማው ላንቺ ነው ልጄ» አለኝ፣ እርምጃውን ሳይገታ። «እኔን አንድም ቀን ገምቶኝ አያውቅም።»