ግብፅን ጨፌ ላይ ያሰፈርኩ ጊዜ

መካነ ሰላም የገባሁት የእህል ጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው። ከደሴ ተነሥተን አቀስታ አደርን። በማግሥቱ ስደርስ ፊቴ አቧራ ብቻ ስለነበር ርዕሰ መምህሩ «አዲሷ አስተማሪ የት አለች?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና መታጠቢያ ውኃ እንዲሰጡኝ አዘዙ።

ዕቃዬን በዚያው ቀን አስረከቡኝ። ሁለት ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር፣ የዕለት ትምህርት ዕቅድ መጻፊያ ደብተርና አንድ የዓለም ካርታ። ካርታውን ስዘረጋው አይጥ ጎብኝቶታል። አፍሪካ ደኅና ነች፤ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ግን ከነአገራቸው የሉም።

«ሥልጣኔ የጀመረበትን ቦታ መርጦ ነው የበላው» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ሳይስቁ። «የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ አንቺ ነሽ። የጎደለውን በጠመኔ ትሞዪዋለሽ።»

እንዳሉት አደረግሁ። ካርታውን ሰሌዳው ላይ እሰቅልና በቀዳዳው ውስጥ ሁለቱን ወንዞች በጠመኔ እሥላለሁ። ተማሪዎቹ ወንዝ ማለት ነጭ ነገር ይመስላቸው ነበር።

ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ሁሉ የምወደው የጥንት ሰዎችን አሰፋፈር ነው። ሰው ወንዝ ዳር ሰፈረ፤ ወንዙ ውኃና ለም አፈር ሰጠው፤ ትርፍ አመረተ፤ ከተማ ሠራ፤ መጻፍ ጀመረ። የወንዞቹን ስም ከመማሪያው መጽሐፍ በፊት የማውቀው ከኦሪት ነው። አባይን ክፍል ውስጥ አባይ እለዋለሁ፤ በልቤ ግዮን እለዋለሁ። ዘመኑ ሁለተኛውን በድምፅ የሚያስብል አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የልብን የሚቆጣጠር ኢንስፔክተር አልተሾመም።

አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። ወንዞቹን ሥዬ፣ ጎርፉን አስሞልቼ፣ አፈሩን አስተኝቼ የምዕራፉ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ደወል ይደወላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ዐረፍተ ነገሩን ከዕቅዴ ሰረዝኩትና ትምህርቱ ከደወሉ ጋር እኩል የሚያልቅ ሆነ። በዚህ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ገበሬ ማኅበር ጎልማሶችን ፊደል አስተምራለሁ። እዚሁ የወለድኳትን ልጄን አዝዬ ነው የምሄደው። ሰሌዳችን የባትሪ ድንጋይ ተወቅጦ ያጠቆረው አሮጌ በር ነበር። እጀታው አልተነቀለም፤ ልብሴን እሰቅልበታለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዱ አያ ሰይድ ናቸው። ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ ጢማቸው ነጭ ነበር። ሌላው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይመር ነው፤ ዕድሜው ከእኔ እምብዛም አይርቅም። እሱም ሊቀመንበር ሆኖ ሳለ ነው «ሀ» ብሎ የጀመረ።

ፊደሉ ሲያልቅ ሁሉም ጣዕም ያለው ነገር ንገሪን አሉኝ። ለስድስተኛ ክፍል የማስተምረውን ግብፅን አመጣሁላቸው። ጎርፉ በየዓመቱ እየመጣ ጥቁር አፈር እንደሚያለብሳቸው ነገርኳቸው። አያ ሰይድ እጃቸውን አወጡ።

«አፈሩ ከየት ነው የሚሄድላቸው?»

«ከዚህ ነዋ፣ አያ ሰይድ። ከእኛ ተራራ ታጥቦ፣ በአባይ ወርዶ።»

«እንግዲያ አፈሩ የኛ ነው።»

«አዎ።»

«ሥልጣኔውስ?»

«እሱ የነሱ ነው።»

ጢማቸውን ደባበሱ። «አንድ የምስጋና ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፉልን» አሉ።

ቤቱ ሳቀ። ይመር ብቻ አልሳቀም፤ አጎንብሶ ይጽፍ ነበር። ከሰሌዳ ሳይገለብጥ፣ በጆሮው የሰማውን ሲጽፍ የመጀመሪያው ቀን መሆኑ ነው። ሲጨርስ ደብተሩን ሰጠኝ። አነበብኩት። አንድም ስሕተት የለበትም። «ጎበዝ» ብዬ ቀይ ምልክት አደረግሁበት። ያ ቀይ ምልክት ነው በኋላ ዕዳ የሆነብኝ።

ወር ሳይሞላ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድ መንደር ይሰብሰብ የሚል መመሪያ መጣ። በዚያ ገበሬ ማኅበር አርባ ያህል ቤት ሊፈርስና ሊነሣ ነው። የአውራጃው ካድሬ ስብሰባ ጠርቶ ቦታው በልማድ ሳይሆን በሳይንስ እንዲመረጥ አሳሰበ። ሳይንስ ማን ያውቃል? ይመር ተነሣና ደብተሩን ገለጠ። የጥንት ሰዎች ወንዝ ዳር፣ ሜዳ ላይ እንደሰፈሩ፣ ወንዙ ሥልጣኔ እንደሰጣቸው አነበበ። ካድሬው አጨበጨበ። በአገሩ ያለው ወንዝ ዳር ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ ጨፌው፣ ከብት የሚግጥበት ረግረጋማ መስክ። በማግሥቱ ችካል ተተከለበት።

ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ካድሬው ቢሮው አስጠራኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ሲጠራ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቤቱን ያስተካክላል። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ውዳሴ ማርያም በሆዴ እየደገምኩ ሄድኩ። እሱ ግን ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ትምህርቴ ከሰሌዳ ወርዶ መሬት እንደነካ፣ ሪፖርቱ ላይም እንደጠቀሰኝ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ግማሽ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ ወደ ጎልማሶቹ ስሄድ ሰላምታው አጠረብኝ። ሌላ ጊዜ ልጄን ከጀርባዬ ለማውረድ ይሻሙ ነበር። ያን ቀን ራሴ አወረድኳት። አያ ሰይድ እጃቸውን አወጡ።

«መምህርት፣ የግብፅ ሰዎች አገር ውርጭ አለ?»

«የለም።»

«ዝናብስ?»

«እምብዛም አይዘንብም።»

«ታዲያ ምነው እኛ ላይ አመጣሻቸው?»

እሳቸው ቀስ ብለው፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ፣ አስረዱኝ። ጨፌው በክረምት ውኃ ይተኛበታል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ የቤት ምሰሶ ያዘማል። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ውርጩ ከጋራው ወርዶ የሚተኛው እዚያው ነው። አባት አያታቸው ለሣር ብቻ የተዉት ሰንፈው አልነበረም።

«ታቦታችሁ ያለው ከላይ ነው» አሉ። «መስጊዳችንም ከላይ ነው። ላሟ እንኳ ለመተኛት ሽቅብ ነው የምትወጣ። ታች የሚወርደው ሰው ብቻ ነው እንዴ?»

ምራታቸው ከኋላ ተቀምጣ የአርባ ቀን ልጇን ታጠባለች። እኔም የኔን አቅፌያለሁ። አየኋት፤ እሷም አየችኝ።

ቤቴ ገብቼ የመማሪያውን መጽሐፍ ገለጥኩ። የሰረዝኩት ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ቤቶቻቸውን ግን ጎርፍ በማይደርስበት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይሠሩ ነበር።» መጽሐፉ ጥፋት የለበትም። ደወሉም የለበትም።

ችካሉ ተተክሏል፤ ሪፖርቱ ሄዷል። ቦታው ስሕተት ነው ማለት መመሪያውን መቃወም ነው፤ እኔም ይመርም የት እንደምንገባ አናውቅም። ይመር ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጽሑፌን ልቅደደው?» አለኝ። የመጀመሪያ ጽሑፉን። አትቅደድ፣ ትጨምርበታለህ አልኩትና የቀረውን ዐረፍተ ነገር ነገርኩት። በዚያው ቆሞ ጻፈው።

ከዚያ ለካድሬው ማመልከቻ ጻፍኩ። የወደዱት ትምህርት ክፍል ሁለት ይቀረዋል፤ የሚሰጠው በቦታው ላይ፣ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው አልኩ። «ተግባራዊ ትምህርት» የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ አስገባሁ። ይህን ቃል እንደሚወድ ከንግግሩ አውቃለሁ።

የመርጃ መሣሪያውን ያዘጋጁት አያ ሰይድ ናቸው። በአገሩ ጎጆ የሚወጣ ሰው ቦታ የሚመርጠው በከብት ነው። አመሻሽ ላይ ከብቱን ሳያስር ይለቀዋል፤ ጠዋት ሄዶ የተኛበትን ያያል። ውርጩ ቀድሞ የሚለቀውንም መሬት ያያል። ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ምሰሶውን እዚያ ይተክላል። ማሠልጠኛ ሳለሁ ስለ አሰፋፈር ስማር ይህን የነገረኝ የለም።

ኅዳር ነበር። ካድሬው ሶሉ የሳሳ የከተማ ጫማ አድርጎ መጣ። ጨፌው ነጭ ሆኖ ጠበቀው። ችካሎቹ ሁሉ ውርጭ ቆብ አድርገዋል። የመንደሩ ከብት አመሻሹን እዚያው ሜዳ ላይ ነበር የተለቀቀው፤ አሁን ሁሉም ከላይ ተዳፋቱ ላይ ተኝቶ ያመነዥካል። አንዲት አህያ ብቻ ጨፌው መሃል ቆማለች። የማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ የሊቀመንበሩ ናት።

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጠየቅሁ።

«ከብቶቹ የት አደሩ?»

ሁሉም ወደ ላይ ጠቆመ። ካድሬውም ሳያስበው ጠቆመ። ከዚያ ችካሎቹን በቅርብ ሊያይ ወደ ወንዙ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ፤ የቀኝ እግሩን ሲያነሣ ጫማው ቀረ። ማንም አልሳቀም። እንዴት እንዳልሳቅን እስከዛሬ ይገርመኛል። አያ ሰይድ ጎንበስ ብለው ጫማውን ከጭቃው ነቀሉት፤ ወንዝ ወርደው አጥበው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

«አብሽር ጓድ» አሉት። «ወንዝ ለእንዲህ ያለው ነገር ይጠቅማል።»

ይመር ደብተሩን ገለጠ። ድምፁ ከመጀመሪያው ቀን ያነሰ ነበር፤ ግን አልተንተባተበም። ክፍል ሁለት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንብቦ ተቀመጠ።

ካድሬው አንድ እግሩን ሌላው ላይ ደግፎ፣ እርጥብ ጫማውን ይዞ ቆመ። ጨፌውን አየ፤ እኔን አየ፤ ሽቅብ ከብቶቹን አየ። ፀሐይ ተዳፋቱን ነክታዋለች፤ ውርጩ ከዚያ ለቋል። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ።

«ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ‹ወንዝ አካባቢ› ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። በጫማው ወደ ተዳፋቱ ጠቆመ። «ያም ወንዝ አካባቢ ነው።»

የመጀመሪያውን ችካል ራሱ ነቀለ። እልል ያለ የለም። እልል ቢባል እንደተሸነፈ ይቆጥረዋል፤ ይህን ሳንነጋገር ሁላችንም አውቀን መሬት መሬት አየን። ይመር ሄዶ አህያዋን አመጣ።

አርባው ቤት መነሣቱ አልቀረም። ጣራው ወርዶ፣ ምሰሶው ተነቅሎ፣ ሰው ከማሳው ርቆ ሰፈረ። ይህን እኔ ላስቀረው አልችልም ነበር። ዘመኑ ሲያልፍም ብዙው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ግን ተዳፋቱ ላይ በኖሩበት ጊዜ ጭቃ ላይ የተኛ ሕፃን አልነበረም።

በተከታዩ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ አያ ሰይድ ይመርን ላኩብኝ። መልእክቱ አጭር ነው፤ ግብፅ መጥታለች፣ መጥተሽ እያት። ሄድኩ። ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ሐይቅ ሆኗል። አያ ሰይድ ከአዲሱ ቤታቸው ደጃፍ ቁጭ ብለው የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ያያሉ። የኔዋ ልጅ በእግሯ መሄድ ጀምራ ስለነበር አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

«ማሻ አላህ፣ የምስጋናውን ደብዳቤ ይዘው መጡ እንዴ?» አሉ ውኃውን እያዩ።

እኔም አማተብኩና ተመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ያንን ትምህርት ሁልጊዜ የምጀምረው ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ቤቶቻቸውን የት እንደሠሩ አስቀድሜ እናገራለሁ። ደወል ከተደወለ የሚቀረው ሌላው ነው። ለወጣት አስተማሪዎች የምለውም ይኸው ነው። ስለ መሬት ከማስተማራችሁ በፊት መሬቱ ላይ የሚያድረውን ሰው ጠይቁ፤ ትምህርቱንም ደወል ስለደረሰ አትቁረጡት።