ወይንሸትን ለመመለስ ወደ ሞላሌ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን ወይንሸትን ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለስ። ምድር የተንቀጠቀጠች ለት ከሁለተኛ ፎቅ በመስኮት ዘላ እግሯ ተሰበረ። አሁን ድናለች፤ ወላጆቿ ግን «ከእንግዲህ ከቤት አትወጣም» ብለዋል። ምዝገባው ደግሞ ሊዘጋ ነው።

የሚያናድደኝ ሁለታችንም የምድር ሳይንስ ተማሪዎች መሆናችን ነው። ምድር ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ፈተና ላይ አሳምረን እንጽፋለን። ስትንቀጠቀጥ ግን እሷ በመስኮት ዘለለች፤ እኔ በደረጃው ሰው እየረገጥኩ ወረድኩ።

ጣርማ በር ስንደርስ አውቶቡሳችንን ጉም ዋጠው። ከዚያ ወደ መንዝ ታጠፍን። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር የገብስ ጆንያ እግሬ ላይ ይንሸራተታል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና መንቀጥቀጡ የኃጢአታችን ውጤት እንደሆነ ነገሩኝ። ልከራከር አሰብኩ፤ አፌ ግን ቆሎ ሞልቶታል።

የወይንሸት ቤት ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር። አባቷ ቄስ ናቸው። የገብስ እንጀራ በሽሮ በልቼ ስጨርስ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ፎቅ ላይ ባትተኛ እግሯ ይሰበር ነበር? እዚህ መሬት ላይ ነን» አሉኝ።

ያንን ወፍራም፣ በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ አየሁ። ያበሉኝን ሰው «ቤትዎ ከፎቁ ይብሳል» ማለት ከበደኝ።

እሑድ

ከመንቀጥቀጡ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ምሕላ ይደረጋል። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ምእመናኑ ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የድንጋይ ካብ ተጠግተው ይቆማሉ። ከዘራ ይዛ አጠገቤ የቆመችው ወይንሸት ካቡን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

ምሕላው ሲያበቃ አባቷ ስለ መንቀጥቀጡ እንዳስረዳ ጋበዙኝ። ስለ ስምጥ ሸለቆው ብዙ ተናገርኩ። አንዲት አሮጊት አቋረጡኝ።

«የምድሩን ሆድ ተይውና፣ እኛ ምን እናድርግ?»

ጠረጴዛ ሥር ግቡ አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ባደርኩበት ቤት መደብና ዱካ እንጂ ጠረጴዛ እንዳላየሁ ያኔ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ወይንሸት ወደ ፊት ወጣች። እግሯ እስኪጠገን በተኛችባቸው ቀናት በስልኳ ስታነብ የከረመችው ይህንኑ ነበር።

«መጀመሪያ ከካቡ ራቁ፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ ይናዳል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ከግድግዳው ፈቀቅ በሉና እንደ ስግደት ተንበርክካችሁ ግንባራችሁን ዝቅ አድርጉ። ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ። እስኪያቆም አትሩጡ። እኔ ይህን ባውቅ አልዘልም ነበር።»

አባቷ ካቡን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ግቢው መሀል፣ ወደ ነፋሱ ሄደው ቆሙ። ሕዝቡም ተከተላቸው።

ማታ እናቷ አለቀሱ፤ አባቷ ግን ቆርጠው ነበር።

«እዚህም ድንጋይ አለ፣ እዚያም ፎቅ አለ። ትሂድ። ለጓደኞቿም ትንገር» አሉ።

መመለስ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ገባን። እናቷ የቋጠሩልንን በሶ እኔ ተሸክሜያለሁ። መኝታ ሕንፃችን ደረጃ ሥር ስትደርስ ወይንሸት ቆመች። ክንዴን ይዛ ወደ ፎቁ ቀና ብላ አየች። እውቀት ፍርሃትን የሚያባርር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አብረው ይኖራሉ።

«እንመለስ?» አልኳት።

«ፈርቻለሁ» አለችኝ። «ግን መስታወቱ እንዳይረግፍብን ያቺን ከመስኮቱ ሥር ያለችውን አልጋ ዛሬውኑ እናነሳታለን።»

ከዘራዋን አስቀድማ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።