ዛሬ ቅያሬ የለም

አዋጅ! ከካዛንቺስ እስከ ቄራ፣ ከኡራኤል እስከ ላንቻ ያለህ ሁሉ፣ መስታወት ዘግተህ የምትነዳም ታክሲ በር ላይ የምትንጠለጠልም፣ ጆሮህን ወዲህ በል! ቁመቱ ከመብራት ምሰሶ የሚስተካከል፣ ዝናው ግን ከቱታው ኪስ ወጥቶ የማያውቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሦስተኛ ሲወጣ የኖረ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ተካ ወልደአረጋይ፣ ይህ ጽሑፍ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ታላቅ ሰው ተብሎ ተሰይሟል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም። ቢሮ የለውም። ሐውልትም አይቆምለትም። ተቃውሞ ያለው ተቃውሞውን በጽሑፍ አድርጎ ለራሱ ያንብበው።

ታላቅነቱ ከምን ተጀመረ ብትል ከሞት ነው። እናቱ ወይዘሮ ጀማነሽ የበኩር ልጃቸው በኩፍኝ ሲሞትባቸው፣ ቀጥሎ የመጣውን ተካ አሉት። አገራችን እንዲህ ናት፤ በሟች ቦታ ሕፃን መድባ እንባዋን ትጠርጋለች። ሕፃኑ ግን የማን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

በአሥራ አምስት ዓመቱ ራሱ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ታየ። «ተካ፣ መብራት ኃይል እየፈለገህ ነው፣ እንጨት አልቆባቸዋል!» ይሉት ነበር የካዛንቺስ ልጆች። ረጅም ሞኝ ነው ይላል ሰፊው ሕዝብ፤ አጭሩ በብልጠቱ የት እንደደረሰ ግን ሲናገር አልሰማንም። ያን ቁመት ያየ አንድ የክለብ አሰልጣኝ ልጁን ወሰደው። ወስዶም አስቀመጠው። ማስቀመጥ ስል ሌላ ትርጉም አትፈልግ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ተካ አራት የውድድር ዘመን ቱታውን ሳያወልቅ ጨረሰ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞር ይላል። ተካ ዚፑን እስከ ደረቱ ይከፍታል። አሰልጣኙ ውሃ ተቀብሎ ይመለሳል። ተካ ዚፑን ይዘጋል። የተጫዋችነት ታሪኩ ይኸው ነው፤ የተቆረጠ የለውም።

ከዚያ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነ። ጥቂት ቆይቶም ካዛንቺስ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑን ሰጠው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ በየቢልቦርዱ ራሱ ሲጠራው ይውላል። ከመስታወቱ ሕንፃ ጀርባ አንዲት የተሰነጣጠቀች ሜዳ ነበረች። ተካ የመጀመሪያ ቀን መሃሏ ላይ ቆሞ አንድ ሕግ አወጣ፦ በእሱ ቡድን ውስጥ ቱታዋን ሳታወልቅ ቤቷ የምትገባ ልጅ አትኖርም።

ሕጉን አከበረው። እየመራ ይቀይራል፤ እየተመራም ይቀይራል። አንዷ ሦስት ኳስ አከታትላ ስታስገባ «በይ ደክሞሻል» ብሎ ያስወጣታል። ጋሽ ቅያሬ ተባለ። ይህ ፍትሕ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የፍትሕ ደረጃ ደግሞ በዚህ ከተማ ሦስተኛ ነው። አራት ኮሌጅ ብቻ በተወዳደረበት ዓመት እንኳ ሦስተኛ ወጣ።

እንዲህ እያለ ሂባ መጣች። ላንቻ ሱቅ ያላቸው የወይዘሮ ኩልሱም ልጅ ናት፤ የአካውንቲንግ ተማሪ። ኳስ ስለምትችል ኮሌጁ በነጻ ያስተምራታል። ራሷ ከተካ ደረት አያልፍም፤ ምላሷ ግን የቅርጫቱን ሪንግ ይነካል።

«ኮች፣ እኔን ሲያስወጡኝ እኮ ቅርጫቷ ራሷ ይደብራታል።»

«አንቺ ስትወጪ ሌላ ሰው ይገባል።»

«ሰውማ ይገባል። ኳሱ ነው እምቢ የሚለው።»

ልጆቹ ይንጫጫሉ። ተካም ይስቃል፤ ስቆ ያስወጣታል።

በዚህ መሃል ካዛንቺስ ፈረሰች። ተካ የተወለደበት ግቢ፣ ቱታውን የገዛበት ሱቅ፣ ምሰሶ እያሉ የሰደቡት ልጆች ያረጁበት ግሮሰሪ፣ ሁሉም ሰፊ መንገድና ዘንባባ ሆኑ። እሱንም ከከተማ ዳር፣ ገላን አደረሱት። ከሰፈሩ የቀረችለት ከመስታወቱ ሕንፃ ጀርባ ያለችው ሜዳ ብቻ ናት። አውቶቡስ ቀያይሮ ይመጣል፤ ልጆቹ ሳይደርሱ ሜዳዋን አንዴ ይዞራታል። ሰው የእናቱን መቃብር እንዲህ ይዞራል።

አንድ ቀን የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ዘአማኑኤል አስጠሩት። ዶክተሩ በዕድሜ ታናሹ ናቸው፤ በወንበር ግን ታላቁ ስለሆኑ አንተ ይሉታል።

«ተካ፣ ቁጭ በል።»

«ይመችዎት፣ ቆሜ ይሻለኛል።»

«ቁጭ በል እንጂ፣ አንገቴን አመመኝ።»

ተቀመጠ።

«ይሄ ሜዳ ምን ያስገባል?»

«ኳስ።»

ዶክተሩ አልሳቁም። ተካም ቀልዱ ቀልድ መሆኑ የገባው ዘግይቶ ነው።

«ስማኝ ተካ። የመኪና ማቆሚያ አጥተን ወላጅ በር ላይ ይመለሳል። ማለቴ፣ ስፖርት እወዳለሁ፤ ግን ሦስተኛ የወጣ ቡድን ቢልቦርድ ላይ አይሰቀልም። ዘንድሮ ዋንጫ አምጣ፣ ሜዳው ይቆይልሃል። ካላመጣህ ክረምት ሲገባ አስፋልት እናለብሰዋለን፤ በቃ።»

የጭቁኑ ወገን ተወካይ ምን አለ? «እሺ» አለ። በዝባዥ ይውደም የሚል መፈክር የሚያምረው ወረቀት ላይ ነው፤ አንገት የሚያመው ሰው ፊት ሲቀመጡ ከጉሮሮ አይወጣም።

ለፍጻሜ ደረሱ። እንዴት እንደደረሱ ሂባ ታውቃለች። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ተካ አሥራ ሁለቱን ልጆች ሰበሰበና ጫማቸውን እያየ ተናገረ።

«ዛሬ ቅያሬ የለም። አምስቱ እስከ መጨረሻው ይጫወታሉ።»

አምበሏ ዮርዲ ተቀያሪዎቹ መሃል ናት፤ ዕድሜ ልኳን ሕጉን ለአዲስ ልጆች ስታስረዳ የኖረች። ቱታዋን ግማሽ አውልቃ ነበር።

«ኮች... እርስዎ ነዎት ይሄን ያሉት?»

«ሜዳዋ ትቅርብን?»

«ሜዳዋማ አትቅር። ግን...»

«በቃ።»

ዮርዲ ዚፗን ዘጋች። ተካ ድምፁን ሰማው። ከዚያ ድምፅ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነውና አልሰማሁም ሊል አይችልም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሦስተኛው ሩብ ላይ ሂባ ዘልላ ኳስ ነጠቀችና ስትወርድ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ታጠፈባት። አልወደቀችም። ጉልበቷን ያዝ አደረገች፤ ሁለት እጇን አንዱን በአንዱ ላይ አሽከረከረች። ይህ ምልክት በየትኛውም ሜዳ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ቀይሩኝ። ተካ አይቷታል። በሌላ ቀን ቢሆን ምልክቱን ሳትጨርሰው አስወጥቷታል። አሁን ግን ጣቶቹን ገጥሞ «ትንሽ» አላት፤ ትንሽ ታገሺ።

ያኔ ነው ጩኸቱ የተነሣው። «ተካ! ተካ! ተካ!»

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ፍርድ ቤት ይቅረብልኝ። ተካ ስም ነው፤ ተካ ትእዛዝም ነው። ቡድኑ በሁለት ነጥብ እየመራ ነው፤ አሰልጣኙን በስሙ ማወደስ ያለ ነው። ልጅቷ ደግሞ እያነከሰች ነው፤ «ቀይራት» ማለት ሲቻል የሰውየው ስም ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ከተገኘ የኮሌጅ ተማሪ ይህን ዓይነት ቀልድ ለነገ አያሳድርም። የገዛ ተጫዋቾቹ ቢሆኑ አንቱ ስለሚሉት ነገሩ ባልተምታታ ነበር። ዮርዲ ከወንበሯ ተነሥታ «ኮች፣ ይቀይሯት! ጉልበቷ ነው!» ብላለች፤ በትክክል፣ በጨዋ ደንብ፣ በአክብሮት። ጨዋ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ታዳሚው ደግሞ አንቱ አያውቅም።

ተካ ምን አደረገ? ዞረ። ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ የሟች ወንድሙን ሳይሆን የእሱን፣ የራሱን ስም የሚጠራ መሰለው። ያን ረጅም እጁን አነሣና አውለበለበላቸው። ጎንበስ ብሎም እጅ ነሣ! ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሂባ አየችው። እጇን ማሽከርከር ትታ ወደ ጨዋታው ተመለሰች።

በአራተኛው ሩብ መጨረሻ፣ የማሸነፊያዋን ኳስ ያስገባችው እሷ ናት። ኳሷ ስትገባ ሂባ መሬት ላይ ነበረች። የጉልበቷ ድምፅ ተቀያሪ ወንበሩ ድረስ ተሰምቷል፤ ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበረው ነው። ወጌሻው ሮጦ ሲደርስ ዶክተር ዘአማኑኤል ዋንጫውን ይዘው ፎቶ ላይ ነበሩ።

ጅማቷ ተበጥሷል። ሐኪሙ ኳስን እርሺው አላት። ቀጥሎ ኮሌጁ እሷን ረሳት፤ ነጻ ትምህርት ለምትጫወት ነው፤ የማትጫወት እንደማንኛውም ሰው ከፍላ ትማር ተባለ። ፎቶዋ ግን አልተረሳም። ኡራኤል መታጠፊያው ላይ አየር ላይ ተንሳፍፋ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ «ምዝገባ ጀምረናል» ይላል።

ሜዳዋስ? ተካ ቢሮ ገብቶ ጠየቀ። ዋንጫ አምጣ ተብሏል፤ አምጥቷል።

«ዋንጫውማ መጣ» አሉ ዶክተሩ። «መጥቷል አይደል? ታዲያ ከእንግዲህ ቡድኑ ምን ሊያመጣልን ነው?»

ክረምት ሳይገባ አስፋልት ለበሰች። ለተካ የተሰጠው የስንብት ደብዳቤ «የሥራ መደቡ በሌላ የማይተካ በመሆኑ» ይላል። ጸሐፊዋ ቀልድ አላሰበችም፤ ለዘበኛም እንዲህ ነው የምትጽፈው።

ብርቱካን ገዝቶ ላንቻ ሄደ። ወይዘሮ ኩልሱም በርጩማ ገፉለት። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ።

«ጋሽ ተካ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ እጇን እንዲህ ስታደርግ አይተዋል ወይስ አላዩም?»

«አይቻለሁ።»

ሳሙና የሚገዛ ሰው መጣ። «የልብስ ነው የገላ?» ብለው ሰጡት፤ መልስ ቆጠሩለት፤ ሸኙት። ከዚያ ተመለሱና «እሺ» አሉ። እሺ ማለት ይህን ያህል እንደሚከብድ ተካ አያውቅም ነበር።

«ስሜን... ማለቴ፣ ስሜን የሚጠሩኝ መስሎኝ ነው» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ተሰማ። ሂባ በክራንች ወጣች።

«ኮች፣ እስከ ዛሬ ስምዎን ማን ጠርቶዎት ያውቃል?»

«ሂባ! ነውር ነው!» አሉ እናቷ።

«ነውሩ ምኑ ላይ ነው እማ?» ሳቋ ግን ሄዷል። «እኔም ስምዎን መስሎኝ ነበር እኮ። እጅዎን ሲያነሱ አየሁዎት። እንደዚያ ደስ ብሎዎት አይቼዎት አላውቅም። በቃ፣ የቀረችውን ደቂቃ ልቻላት ብዬ ነው።»

ተካ ሊነሣ ሞከረ፤ በርጩማው ዝቅ ያለ ነውና በቶሎ አልሆነለትም። ሂባ ነጻ እጇን ዘረጋችለት። አልያዘውም።

ከዚያ ወዲህ ኡራኤል ታክሲ መያዣው ላይ ይቆማል። የኮሌጁን መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ተማሪ ሲያይ «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርክ? ምን ብለህ ነበር የጮኽከው?» ይለዋል። አንዳንዱ አዝኖለት «ስምህን ነዋ ጋሼ!» ይላል፤ አዝኖለት እንደሆነ ያስታውቅበታል። አንዳንዱ «እብድ ነው እንዴ?» ብሎ ወያላውን ይጠጋል። ብዙው አልነበርኩም ይላል። ሂባ ደግሞ ማታ ማታ፣ ከሱቁ ደንበኞች ወሬውን የሚሰሙትን እናቷን «ዛሬ የነገረው ሰው አለ?» ትላለች። እሷም ማወቅ ትፈልጋለች፤ ሕመሙን የቻለችው ለምን እንደሆነ ማወቅ መብቷ ነው።

አንተ ግን ነበርክ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው መሬት አልዋጠውም። ስለዚህ ልለምንህ። ላንቻ ውረድና የወይዘሮ ኩልሱምን ሱቅ ጠይቅ፤ ያሳዩሃል። ብርቱካን አትያዝ። በሩ ላይ ቁምና፣ ሁለቱም እንዲሰሙህ አድርገህ፣ ልክ ያን ቀን እንደጮኽከው አንድ ጊዜ ጩኸው፤ ስም ከነበረ እንደ ስም፣ ልመና ከነበረም እንደ ልመና።