ሞተሩ በማርያም ደጅ
መኪናዬ ሰሞኑን አመሏ ተበላሽቷል፤ አንዳንዴ ትነሳለች፣ አንዳንዴ ቀጭ ብላ ዝም ትላለች። ዛሬ ከእናቴ ጋር ወደ ፍኖተ ሰላም ስንወርድ የማርያም ደጅ ከሩቅ ሲታይ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።

ልጅ ሳለሁ እናቴን ምጥ ጠንቶባት በአጎቴ ፒክአፕ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት፣ አያቴ እዚሁ ደጅ ላይ፣ «አጥፋው! ሞተር እያጓራ ማርያምን አይሳለሟትም» አሉ። አጎቴ አጠፋው። ተሳልመን ተመልሰን ቁልፉን ቢያዞረው ቀጭ ብሎ ዝም አለ። አጎቴ የባትሪውን ራስ በድንጋይ ይቀጠቅጣል፤ አሲዱ ይሸታል፤ እናቴ ከኋላ ታቃስታለች። አያቴ ጋቢያቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ፣ «ትነሳለች፤ አትንጫጩ» ይላሉ።

መኪናዋ ቆይታ ተነሳች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

ዛሬ ደጁ ላይ ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «አጥፊው እንጂ ልጄ፣ እንሳለማት» አለችኝ።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።