ጋሽ ንጉሤ ያስነበቡኝ ቁጥር

ሰሞኑን ትልቁ ልጄ የባጃጁን ጎማ ፈታና ዳዶዎቹን በወተት ጣሳ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎ በረንዳው ላይ ትቷቸው ሄደ። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር። የናፍጣውና የዛገው ብረት ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። አዳማ መሆኔ ጠፋኝ። ያ ሽታ የአሰብ ነው፤ የጋሽ ንጉሤ የብሎን ሱቅ ሽታ ነው።

አሰብ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ያወራል። እኔን ግን የሚገርመኝ ዝገቱ ነበር። ከባሕሩ የሚነሳው ጨዋማ ነፋስ የማይበላው ብረት የለም። የአልጋችን እግር እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። የበራችን ማጠፊያ ተቀይሮ ሳይቆይ ይቆረጣል። የእናቴ ነጠላ የልብስ ማስጫው ሽቦ ዝገት ያሰመረበት ቡኒ መስመር ነበረው፤ ስንት ጊዜ ብታጥበው አልለቀቀም። እዚያ አገር ብሎን የሚሸጥ ሰው ደንበኛ አያጣም።

የጋሽ ንጉሤ ሱቅ ከቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ከደሴ የመጡ፣ ቀጭን፣ ከምሳ በኋላ እንደ አገሬው ሽርጥ አገልድመው በራቸው ላይ የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ልጅ የላቸውም። እናቴ መንታ ወልዳ ስለነበር እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አንዱን ሕፃን አዝዬ ጥላ ፍለጋ እሳቸው ደጅ እውላለሁ። «ነይ ሙሉ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይላል?» ይሉና የብሎን አናት ያሳዩኛል። በትክክል ሳነብ ራሴን ዳበስ ያደርጉኛል። ቁጥር የለየሁት እንዲህ ነው።

ስምንት ነጥብ ስምንት። አስር ነጥብ ዘጠኝ። ይሄ የውፍረቱ ቁጥር እንዳይመስልሽ፣ የጉልበቱ ነው ይሉኝ ነበር። ፋብሪካው ብረቱን ስቦና አስጨንቆ፣ የቻለውን ያህል አናቱ ላይ ይጽፍለታል። ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ዳዶም የራሱ ቁጥር አለው፤ አስር ነጥብ ዘጠኝ ብሎን አስር የሚል ዳዶ ይፈልጋል። ደካማ ዳዶ ከጠንካራ ብሎን ጋር ከዋለ ጥርሱ ይላጣል። ምንም ያልተጻፈበት ለአጥርና ለአልጋ ነው። ሲጠራጠሩ ሞረድ ያስነኩታል፤ ለስላሳውን ሞረዱ ይበላዋል፣ ጠንካራው ግን ሞረዱን ያስቸግረዋል።

ከራሔይታ ለሚመጡት ጀልበኞች ነሐሱንና የማይዝገውን ብረት ያወጡላቸው ነበር፤ የእነሱ ጠላት ጨው ነው። ችግሩ ሾፌሮቹም ያንኑ መፈለጋቸው ነበር። ዝገት ያንገሸገሸው ሰው የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ጠንካራ ይመስለዋል። ጋሽ ንጉሤ ይስቁባቸዋል። «ሙሽራ ልታመጣበት ነው ወይስ ስንዴ ልትጭንበት?» ይሉና ጥቁሩን፣ ቁጥር ያለበትን ይሰጧቸዋል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምሥጢሩን የማውቅ ነኛ።

በኋላ ዕቃ ጠፋ። ወደቡ መርከብ ሞልቶት የእሳቸው መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። መለዋወጫ በኮታ ሆነ፤ ኮታውም ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም። ጋሽ ንጉሤ ዝምተኛ ሆኑ። ሥራ ሲፈቱ ቁጥር የተቀረጸባቸውን ብረቶች አውጥተው በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በመዶሻ እየመቱ ለሣጥኖቻቸው ምልክት ይሠሩ ነበር። እጃቸው አይረጋም፤ የሚመቱት ቁጥር ሁሉ አንዱ ዘመም፣ አንዱ ከፍ ይላል።

አባቴ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከወደቡ ስንዴ ጭኖ ወደ መሀል አገር ሊወጣ ሲል የተሳቢው ጎማ ዳዶዎች መቀየር ነበረባቸው። ጋሽ ንጉሤ ከጓዳ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ዳዶዎች ይዘው መጡ። አባቴ ዓይኑ ቅርብ አያይለትም፤ አንዷን አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ።

«እስቲ ሙሉዬ፣ ምን ይላል?»

«አስር።»

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ዞር ብዬ ጋሽ ንጉሤን አየኋቸው። እንደ ወትሮው ራሴን ዳበሱኝ። «ይኸው አነበበችልህ» አሉት አባቴን። አባቴም እየሳቀ ይዞ ሄደ።

በረሃው ውስጥ፣ ቁልቁለት ላይ፣ የተሳቢው ጎማ ወለቀና መኪናው ተገለበጠ። ረዳቱ ተርፎ አባቴ እግሩ ተሰበረ። ስንዴው አሸዋ ላይ ፈሰሰ። የመንግሥት ስንዴ ነው እንግዲህ። በዚያን ጊዜ «አሻጥር» የሚሏት ቃል ነበረች፤ የወጣችበት ሰው አይመለስም። አባቴ ሆን ብሎ ዳዶ ሳያጠብቅ ሄዷል ተባለና ሐኪም ቤት አልጋው አጠገብ ዘብ ቆመበት።

ረዳቱ ከመንገድ ያገኛትን አንዲት ዳዶ ለእናቴ አመጣላት። እኔ ተቀበልኳትና ፀሐይ ላይ ወጣሁ። የውስጥ ጥርሷ ተልጦ ለስልሷል። ከዚያ ቁጥሯን አየሁ። ያን ዕለት አንብቤው ነበር፤ አሁን ግን አየሁት። ፋብሪካ የመታው ቁጥር ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ይሄ አንዱ ዘሟል፣ ዜሮው ከፍ ብሏል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ምንም ባልተጻፈበት የአጥር ዳዶ ላይ አስር መትተው ነው የሰጡን፤ መትተውም እኔን አስነበቡኝ።

ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም። እንዲያውም ነገሩን የሚያጣራው የአባቴ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ብረት የሚያውቅ ሰው ብሎ ጋሽ ንጉሤን እንደጠራ ስትሰማ ፊቷ በራ። ጎረቤታችን ናቸው፣ እሳቸው አንድ ቃል ካወጡ አባትሽ ይፈታል አለች።

መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ተሰበሰብን። ጋሽ ንጉሤ ዳዶዋን በጣታቸው አዟዟሯት። ቁጥሯ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ፤ አሁን ይናገራሉ አልኩ።

«ዳዶው አስር ነው፤ ዳዶው ጥፋት የለበትም» አሉ። «ካልጠበቀ ግን የትኛውም ይላጣል።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን እርስዎ ነዎት የመቱት። ሞረድ ይምጣና ይንካው።»

 ሊቀመንበሩ ዳዶዋን ከእጃቸው ወስዶ ወደ ብርሃኑ ዘረጋት። ሞረድ ቢመጣ አባቴ ነፃ ይወጣ ነበር፤ ዘቡም እሳቸው አጠገብ ይቆም ነበር። ጋሽ ንጉሤ ይሄን ከሁላችንም በፊት ገብቷቸዋል። እኔን አላዩኝም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ልጅ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ቁጥር ከየት አውቃ?»

ሰው ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ለአባቷ ብላ ነው፣ ታሳዝናለች የሚል ሳቅ ነው። ሊቀመንበሩም ፈገግ ብሎ ዳዶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ሞረድ የሚያመጣ ሰው አልተላከም።

አባቴ ብዙ ታስሮ እያነከሰ ወጣ፤ መንጃ ፈቃዱን አልመለሱለትም። ጋሽ ንጉሤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃቸው ላይ አልተቀመጡም፤ አንድ ቀን ሱቁ ተዘጋ፣ አገራቸው ገቡ ተባለ። አሁን አርጅቼ ሳስበው ፈርተው ነው እላለሁ። ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር። ዳዶውንም ቢሆን ይቅር ብያለሁ። ቁጥር ከየት አውቃ ያሏትን ግን ይቅር ልላት ስሞክር እዚያው ዳስ ሥር ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ፊደሉንም የቆጠርኩት ወልጄ፣ ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ነው።

ቀደም ብሎ ዕድሉ አልጠፋም ነበር። አባቴ ገና እስር ቤት ሳለ ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ከፈተ። እናቴ መንታዎቹን ይዛ፣ እኔንም አስከትላ ሄደች። መምህሯ ወጣት ናት፣ ገና ከመሀል አገር የመጣች፤ ላቧን በመሐረብ እየጠረገች ሰሌዳው ላይ ቁጥሮች ጻፈችና የሚያውቅ ካለ ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ በማራገቢያቸው ፊታቸውን ከለሉ። እናቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። መምህሯ አየቻትና ወደ እኔ መጣች።

«አንቺስ፣ የኔ ቆንጆ?»

ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሁሉ ማንበብ እችል ነበር። ዳሱ ሥር የሳቁት ሴቶች ዞረው ያዩኛል።

«አላውቅም» አልኳት።