ለቤት የተላክን ሽማግሌዎች

ዛሬ ጠዋት ማንም ያልሞተበት ቤት ገብቼ ለቅሶ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ወዳጄ ወንድም አርፎ አድራሻውን በስልኬ ላኩልኝ፤ እኔ ደግሞ መነጽሬን ከሲያትል ወጣ ብሎ ቡሪየን ካለው ቤቴ ረስቼ፣ ያንን ሰፈርማ ከእናንተ በፊት አውቀዋለሁ ብዬ፣ ጥቁር ሱፌን ለብሼ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ግራና ቀኙ መኪና የቆመበት፣ ሰው ጫማውን እያወለቀና ድምፁን ዝቅ እያደረገ የሚገባ የሚወጣበት ቤት አየሁ። ሶ፣ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ፓርክ አደረግኩ፣ ገባሁ፣ ጥግ ካለች ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ለቆሙት ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ ጎረቤት ይሆናሉ ብዬ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አልኳቸው፤ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ሐዘኑን ቻል አድርገውታል ብዬ አደነቅኳቸው። ቆየት ብላ አንዲት ዘናጭ ወጣት የታሸገ ውሃና የሚያብረቀርቅ ወረቀት አቀበለችኝ። የሟቹ የሕይወት ታሪክ መስሎኝ፣ ፎቶውን ለማየት ወረቀቱን ዓይኔ ሥር ባስጠጋው የኩሽና ፎቶ ነው። ከሥሩ ዋጋ ተጽፎበታል። ለካ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ሕዝቡም ገበያተኛ ነው።

እያፈርኩ ልወጣ ስነሳ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ያለችውን፣ ቀይና አረንጓዴ መስታወት ያላትን፣ ተከፍታ የማታውቀውን ትንሽ መስኮት አየኋት። ግድግዳውን አፍርሰው ሳሎኑንና ኩሽናውን አንድ አድርገውታል፣ የደጁን ሣር ነቅለው ጠጠር አልብሰውታል፣ መስኮቷን ግን ምን እንዳስተረፋት እንጃ፣ እዚያው ነች። አንገቴን ደፍቼ የተቀመጥኩበት ቤት፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ምድር ቤቱ ውስጥ እኖርበት የነበረው ቤት ነው።

እውነተኛው ለቅሶ እዚያው መንገድ ላይ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። ገብቼ የሠራሁትን ስነግራቸው ሐዘንተኞቹን አሳቅኳቸው፤ ከአንዲት አሮጊት ግን ግልምጫ አተረፍኩ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘግቼ ስቀመጥ ልቤ ወደዚያ ቤት ተመለሰ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ያ የደቡብ ሲያትል ሰፈር ስሙ ሲነሳ ሰው ዞር ብሎ የመኪናውን በር የሚቆልፍበት ሰፈር ነበር። ባንኩ ቀድሞ ወጣ፣ ትልቁ የአስቤዛ መደብር ተከተለው፤ የቀረው ጸጉር ቤት፣ መጠጥ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ነው። መሐል መሐሉ ላይ መስኮታቸው በሳንቃ የተመታ ባዶ ቤቶች ነበሩ። ከእኛ ማዶ በቅርቡ ከካምቦዲያ የገቡ ቤተሰቦች ማታ ማታ ነጭ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ሽታው በመስኮታችን ገብቶ፣ በልተን የተነሳነውን ሰዎች እንደገና ያስርበን ነበር። በሰሜን በኩል፣ አላስካ ውስጥ ዓሣ ሲያሽጉ አርጅተው ጡረታ የወጡ ፊሊፒኒያዊ ሽማግሌ፣ የአጥራቸውን ሥር ቆፍረው ለአፍ የሚመር፣ ለእሳቸው ግን መድኃኒት የሆነ አትክልት ያበቅላሉ። ጥጉ ላይ ነጮቹ ሁሉ ሲወጡ እኔ አልወጣም ያሉ አንዲት ኖርዌጂያዊት መበለት ከነድመታቸው ቀርተዋል። አውሮፕላን እግሩን ዘርግቶ በጣራችን ላይ ሲያልፍ ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል፤ እኛም ወሬያችንን እዚያው ላይ አቁመን፣ ሲያልፍ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ቤቱ የማዘር ዶሮቲ ነበር። ማዘር ዶሮቲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከሉዊዚያና መጥተው ከባለቤታቸው ጋር አውሮፕላን ፋብሪካ የሠሩ፣ ባላቸውንም እዚሁ የቀበሩ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እሳቸው መሐሉ ላይ ይኖራሉ፤ ከላይ እትዬ ዘነበች ከልጇ ከሰላም ጋር፤ ከታች እኛ አራት ጎረምሶች ከነካልሲያችን ሽታ።

እትዬ ዘነበች መሐል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ሰላም ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ሲያትል ከገቡ ወዲህ አንዱ ቤት ሲሸጥባቸው፣ ሌላው ኪራይ ሲጨምርባቸው፣ ልጅቷም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስትዞር አንድ ልማድ አወጣች፤ የልጆቹን ስም አትይዝም። ከማን ጋር ተጫወትሽ ስትባል፣ ከጎኔ የምትቀመጠዋ፣ ያ ቀይ ጃኬት ያለው፣ ትላለች እንጂ ስም አትጠራም። ልብሷንም መሳቢያ ውስጥ አታስገባም፤ ከፌስታል አውጥታ ትለብሳለች፣ ታጥቦ ሲመጣ ወደ ፌስታሉ ትመልሰዋለች። እትዬ ዘነበች ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን ዳር አልደረሰም።

በአንድ ሰመር ማብቂያ ላይ የማዘር ዶሮቲ ጉልበት ደረጃ አልወጣም አለ። ታኮማ ካለች ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ወሰኑ። ቤት በርካሽ እየሰበሰበ፣ ክፍሉን እየሸነሸነ የሚያከራይ አንድ ሰውዬ በረጅም መኪና ይመላለስ ጀመር፤ እሳቸውም ሰኞ መልሴን እነግርሃለሁ አሉት። ሰውዬው ከገዛው ሁላችንም ወጪ ነን። ለእኛ ለጎረምሶቹ ቤት መቀየር ማለት አራት ሻንጣ መሸከም ነው። ለእትዬ ዘነበች ግን ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ስም የለሽ ክፍል ነው። እኔ እገዛዋለሁ አለች።

የሀበሻ ጉባኤ ተቀመጠ። መካሪ መቼ ይጠፋል? አንዱ የሀብታሞቹ ሰፈር ቤልቪው ካልሆነ ቤት አይባልም አለ፣ እሱ ራሱ ቤልቪውን ያየው ከድልድዩ ማዶ ነው። ሌላዋ ሊንውድ ሂጂ፣ እዚያ አየሩ ንጹሕ ነው አለች። አንድ የተከበረ ሰው ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጥቁር ሰፈር ቤት አይገዛም፣ ዋጋው ይወርዳል አለ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጥነው ለራሳችን ምን መስለን እንደታየን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አገር ቤት አንድ ክረምት ለመንገድ ቀያሽ ሜትር ይዤ ስለሮጥኩ፣ በዚያ ሰፈር ማዕረጌ ኢንጂነር ነበር። ማዕረጌን ላለማሰደብ ማንኪያ ይዤ ግድግዳውን ዙሪያውን አንኳኳሁት። የድንጋይ ቤት ለለመደ ጆሮ የሳንቃ ቤት ድምፅ የባዶ ሣጥን ድምፅ ነው። ይህ ቤት ለሚቀጥለው ነፋስ ቀጠሮ የሰጠ ነው ብዬ በክብር ፈረድኩ።

እትዬ ዘነበች ማንኪያውን ከእጄ ተቀበለችና «እስኪወድቅ ድረስ ልጄ የጎረቤት ስም ትማርበታለች» አለችኝ።

ባንክ ሄዳ ነበር፤ ሰውየው አድራሻውን ሲያነብ ፋይሉን በትህትና ዘጋው። ቀስ እያልኩ ልክፈል ብሎ በቀጥታ ማዘር ዶሮቲን መጠየቅ ደግሞ አሳፈራት። በእኛ ልማድ ከባድ ነገር ከሰው ቤት የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሶ፣ ለልጃገረድ እንደሚላከው ሁሉ፣ ለቤት ሽማግሌ ተላከ። አንደኛው አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት፣ ሲያትል ፓርኪንግ የሚሠሩት አቶ በቀለ፣ ሁለተኛው ባለታክሲው ጋሽ ደምሴ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ፂሙ ገና ያልሞላው፣ ኮቱን ተውሶ የለበሰው፣ ለእንግሊዝኛው ሲባል የተጨመረው እኔ ነኝ። አቶ በቀለ ኦርቶዶክስ፣ ጋሽ ደምሴ ጴንጤ ስለነበሩ፣ ማን ጸሎት ይክፈት በሚለው ላይ ከመንገዱ ይልቅ ደጃፉ ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደብን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ማዘር ዶሮቲ ገና ባርኔጣቸውን አላወለቁም። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥምና ቆመን ቀረን። የኮክ ኬክ ቆርሰው አቀረቡ፤ አልነካንም። ሽታው እየጠራኝ እኔም በክብር አልነካሁም። አቶ በቀለ ከረባታቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ስለ ማዘር ዶሮቲ ወላጆች ደግነት፣ ስለ እጃቸው ሙያ፣ ስለ ቤታቸው በረከት አወሩ፤ አንገታችንን ደፍተን፣ እግርዎ ሥር ሆነን፣ የሚሳሱለትን ልንጠይቅዎ መጣን አሉ። እኔ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ማዘር ዶሮቲ አቶ በቀለን ከጫማቸው እስከ ከረባታቸው አዩዋቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሊያገባኝ ነው የመጣው?» አሉኝ።

ይህን ስተረጉም አቶ በቀለ ተቀመጡ። መልስ ሳይሰጠው የተቀመጠ ሽማግሌ እኔ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ማዘር ዶሮቲ ራሳቸው መሳቅ ሲጀምሩ እኔ ወጉም ትርጉሙም ጠፋብኝና በራሴ አፍ ተናገርኩ።

«ቤቱን ለእትዬ ዘነበች ይሽጡላት፤ በየወሩ ትክፈልዎት። ልጇ የሰው ስም መያዝ ትታለች።»

ሳቃቸው ቆመ። አውሮፕላን አለፈ፣ ብርጭቆው ተንጫጨ፣ እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩን። እሳቸውና ባላቸው መጀመሪያ ሲመጡ ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው ካናል ማዶ ለጥቁር ቤት አይሸጥም ነበር፤ እዚህም ቢሆን ባንክ አላበደራቸውም። ይህን ቤት የሰጣቸው አንድ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ነው፣ በየወሩ እጅ በእጅ እየተቀበለ። እሱም ከእነሱ በፊት የትም አትግባ ተብሎ እዚህ የገባ ነበር። ማዘር ዶሮቲ ይህን ሲያወሩ መዳፋቸውን እኔ ባንኳኳሁት ግድግዳ ላይ አሳርፈው ነበር።

«ዋሷ ማነው?» አሉ።

አቶ በቀለ እጃቸውን አወጡ። ጋሽ ደምሴም። እኔም ባዶ ኪሴን ረስቼ አወጣሁ። ሦስታችንን አይተው እኔ ላይ ቆሙና አንተ ምን አለህ አሉኝ። ሁለት እጅ አልኳቸው።

«ኦኬ፣ እጅህ ይበቃኛል» አሉ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ይሄ ቤት ቀለም ነክቶት አያውቅም። ዙሪያውን ቀባልኝ። ከእኔ እጅ ስትወስደው አምሮበት ትውሰደው።»

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ፣ ቤቱም እንደ ሙሽራ ተኩሎ ሊዳር ነው አሉ፤ ኬኩም ያን ጊዜ ተበላ።

ሰኞ ሰውዬው በረጅም መኪናው መጥቶ መልሱን ሰምቶ ሄደ። የእትዬ ዘነበች ዕቁብ ለመጀመሪያው ክፍያ ዋለ፣ ውሉም በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ። ሰላም ቆማ ስታይ ቆይታ፣ ይሄኛውን እናቆየዋለን ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። እናቷ በአማርኛ አዎ አለቻት። ማታ የልጅቷ ፌስታሎች ተጣጥፈው ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ላይ ተገኙ። ገና በረዶ ሳይጥል፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የመንገዱን ልጆች ስም ከዳር እስከ ዳር ትጠራልኝ ጀመር፤ የካምቦዲያዎቹን ሳይቀር፣ ምላሴ እስኪተሳሰር። የኖርዌጂያዊቷን ድመት ስም እንኳ ያወቅኩት ከእሷ ነው።

እኔም ቀለሙን ያዝኩ። ማዘር ዶሮቲ የመረጡት ቢጫ ነው፣ የእንቁላል አስኳል ዓይነት። አላፊ አግዳሚ እንዲያየኝ በፊት ለፊቱ ጀመርኩ፤ የማይቆይ ብዬ የፈረድኩበትን ቤት እያፏጨሁ እቀባለሁ። ደቡቡን ጨረስኩ፣ ጓሮውን ጨረስኩ። ሰሜኑ ጎን ግን ከፊሊፒኒያዊው አጥር ጋር ተጣብቆ መሰላል አላስቆም አለ፤ አንድ ሳምንት ላስብበት አልኩ፣ በዚያው ሳምንት ዝናቡ ገባ። የሲያትል ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ለስንፍና የተፈጠረ ነው።

የሄዱ ቀን ማዘር ዶሮቲ መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በምርኩዛቸው ቤቱን ዞሩት። ሰሜኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «አንድ ጎን ይቀርሃል» አሉኝ። ሲደርቅ፣ አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች አንድም ወር አላሳለፈችም። ማዘር ዶሮቲ ካረፉ በኋላ እንኳ ታኮማ ላለችው ልጃቸው እስከ መጨረሻው ከፈለች። ፊሊፒኒያዊው ሽማግሌም ቤታቸውን በዚያው ዓይነት ውል ሊሰጡኝ ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ፣ ኢንጂነሩ፣ እስቲ ሰፈሩ ይሻሻል ብዬ ጠበቅኩ። ተሻሻለ፤ እኔን ግን አልጠበቀኝም። ባቡሩ መጣ፣ ሳንቃ የተመታባቸው መስኮቶች ትልልቅ መስታወት ሆኑ፣ ቀረጡ አሻቀበ። ካምቦዲያዎቹ ወደ ደቡብ ራቁ፣ ጸጉር ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም ቡሪየን ተከራይ ሆኜ አረጀሁ። እትዬ ዘነበች ጉልበቷ በተራው ደረጃ እምቢ ሲላት፣ ዋጋው ጫፍ ደርሷል፣ ሽጪው ብዬ የመከርኳት ማን ይመስላችኋል? ዛሬ ሊንውድ ከሰላም ጋር ትኖራለች፤ በየበዓሉ ኮል ታደርግልኛለች፣ ያንን ምክሬን ግን አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ዛሬ የቤቱን ገበያተኞች ሳያቸው ክፉ ሰዎች አልመሰሉኝም። ወጣቶች ናቸው፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነች፤ የት እንደሚገቡ ጨንቋቸዋል፣ እንደ እኛው። ዘናጯ ልጅ የኩሽናው ድንጋይ ከየት አገር እንደመጣ አስረዳቻቸው፣ ባቡሩ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ነገረቻቸው። አጠገብ ማን ይኖራል ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም፤ ቢጠየቅም የምታውቅ አልመሰለኝም። ያ መንገድ አንድ ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ከዳር እስከ ዳር በስም ትጠራው ነበር።

ከለቅሶው ስወጣ አላስቻለኝም፣ በሰሜኑ በኩል ዞርኩ። የሽማግሌው ቤት ከነአትክልቱ የለም፤ በቦታው ቀጫጭን ረጃጅም ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። የእኛ ቤት ግድግዳ በአዲስ ሳንቃ ተሸፍኖ ግራጫ ተቀብቷል፣ አራቱም ጎን፣ ያለ ስሕተት። የእኔ ድርሻ የነበረው አሮጌ ሳንቃ ተነቅሎ ከተጣለ ስንት ዘመኑ ይሆን። እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆምኩ፤ ከመስኮት አንድ ሰው ብቅ ብሎ አየኝና፣ ሊገዛ የመጣ ሽማግሌ መስዬው፣ ፈገግ አለልኝ።

ማዘር ዶሮቲ፣ ሦስቱን ጎን ከፍያለሁ። ሰሜኑ እስካሁን በእኔ ላይ ነው።