ቆማ የምትሄደው መኪና

አባቴ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ሰፈሩ ግን «ጋሽ ጭረት» ይለዋል፤ ሰው ይጭርብኛል ብሎ መኪናውን ከግቢ አያወጣትማ! እናቴ ገበያ የምትሄደው በታክሲ፣ እኔ ሥራ የምሄደው በእግሬ።

ባለፈው ወር መኪናዋ አልነሳም አለች። መካኒኩ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተና ተቆጣ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል፣ ቤንዚኑም ከርሞ ተበላሽቷል። መኪና ካልሄደ ይታመማል። በሳምንት አስር ኪሎ ሜትር ይንዷት!»

ለአባቴ መካኒክ ማለት ሐኪም ነው፤ ትእዛዙን አይጥስም። በማግስቱ ባትሪውንና ቤንዚኑን አስቀይሮ፣ የፊት ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፎ፣ የኋላዋን በክሪክ አንስቶ ጉማጅ እንጨት ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ቀበቶውን ያስርና ማርሽ ያስገባል። የኋላ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ከፊቱ ያለው የግቢያችን ግንብ ብቻ ነው፤ እሱ ግን ግራ ቀኙን በመስታወት ያያል። አንድ ቀን ድመት ብታልፍ ጡሩምባ ነፋባት። ቆጣሪው አስር ሲሞላ ላቡን እየጠረገ ይወርድና፣ «ዛሬ መንገዱ ጭር ብሏል» ይለናል።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከኋላ ገባች።

«እህቴ ቤት አድርሰኝ።»

አባቴ ፈገግ እንኳ አላለም፤ ማርሽ አስገባ። ሁለቱም ከግንቡ ጋር ተፋጠው ረጅም መንገድ ተጓዙ። ቆጣሪው ሊሞላ ሲል እናቴ ወንበሩን መታ መታ አደረገችና ጮኸች።

«ወራጅ አለ!»

አባቴ የቀኝ ፍሬቻ አሳይቶ ቆመላት።